«ባዶ» የምንለው መሬት ላይ የሚኖሩ ወፎች

ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተከላል። በዚያው ሰሞን ስለጠፉ አራዊትና ወፎችም ይወራል። ሁለቱን አያይዞ «ዛፍ ከተከልን ወፉም ይመለሳል» የሚል አስተያየት በማኅበራዊ ሚዲያ ማንበብ የተለመደ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ የደን ወፍ ደን ይፈልጋል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ከባዱ አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች ሁለቱ ከዛፍ ጋር ጉዳይ የላቸውም። አንዱ የሚኖረው ገላጣ የሣር ሜዳ ላይ ነው። ሌላው ውሃ ያቆረ ጨፌ ውስጥ ነው። ቦታቸው ላይ ችግኝ ቢተከል የሚያጡት ቤታቸውን ነው።

ችግሩ ከቃላችን ይጀምራል። ዛፍም ቤትም እርሻም የሌለበትን መሬት «ባዶ» እንላለን። ቢሮ ሲገባ ደግሞ ስሙ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ይሆናል። ረግረግ ከሆነም «መጠንፈፍ ያለበት» ይባላል። እዚያ ምን እንደሚኖር ሳይታይ ቃሉ ራሱ ፍርዱን ይሰጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ብርቅዬ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሌላም ግራ የሚያጋባ ቃል አለ። «ብርቅዬ» የምንለው በአገራችን ብቻ የሚገኘውን እንስሳ ነው። ቃሉ በራሱ ግን «በቀላሉ የማይገኝ» ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ብርቅዬ የተባለ ወፍ ሁሉ ሊጠፋ የደረሰ ይመስለዋል። ብርቅዬ ያልተባለው ደግሞ የትም ያለ ይመስላል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጠዋት ጠዋት በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ አንገቱ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትን አይቢስ እንውሰድ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። በደጋው ግን እንደ ልብ ነው፤ ለመጥፋት የቀረበም አይደለም። በዚያው ከተማ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብበውን ትንሹን ጥንብ አንሳ ደግሞ እንይ። ከሴኔጋል እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ስለሚገኝ ማንም ብርቅዬ አይለውም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን በ2015 ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች ጎራ አስገብቶታል። ኅብረቱ የዱር ዝርያዎችን በአደጋቸው መጠን የሚመድብበት ሰነድ «ቀይ መዝገብ» ይባላል። ጥንብ አንሳው የተመደበበት ደረጃ ከዱር ጨርሶ ከመጥፋት በፊት ያለው የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ወፉ የት ብቻ ይገኛል? ስንት ቀረ? ለጥበቃ ይበልጥ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ የሊበን ዓይነት ታሪክ ይፈጠራል።

ሊበን፦ ከብቱም ወፉም ሣር ሲያጡ

ከነጌሌ ቦረና ከተማ አጠገብ የሊበን ሜዳ አለ። ከሩቅ ሲታይ ምንም የሌለበት ሜዳ ነው። እዚያ ሣር ውስጥ ላርክ የሚባል የወፍ ወገን አባል ይኖራል። ላርኮች ትንንሽ፣ ቡናማና መሬት ላይ የሚሮጡ ዘማሪዎች ናቸው። የሊበኑ ላርክ የኋላ ጥፍሩ ረጅም ነው። ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ጉንጉን ሥር ነው። ወንዱ ከሣሩ ብድግ ብሎ አየር ላይ ይዘምርና ተመልሶ ይሰወራል። መልኩን አይቶ ፎቶ ለማንሳት የሚሽቀዳደም ሰው ብዙም አይኖርም። ምናልባት አንዱ ጉዳቱ ይኸው ነው።

ሳይንስ ያወቀው በ1968 ነው፤ ስም የወጣለት ደግሞ በ1975። በ2009 በቀይ መዝገቡ ከፍተኛ አደጋ ላይ ተመደበ። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሁለት ዓመታት ብቻ በተመሳሳይ መስመር ላይ በተደረጉ ቆጠራዎች የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ገደማ ቀንሰው ነበር። የአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን የሚያጣው የመጀመሪያው ወፍ ይህ እንዳይሆን ተፈራ። ከተገኙት ውስጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ በጣም መብዛታቸው ስጋቱን አባሰው። መቶ ወፍ ቢቆጠር ሃምሳ ጥንድ አለ ማለት አልነበረም።

በ2013 ነገሩ መልኩን ቀየረ። የዘር ምርመራ ሲደረግ የሊበኑ ላርክ፣ ጅግጅጋ አካባቢ ያለው ላርክ እና ከ1918 እስከ 1922 በሶማሌላንድ ተሰብስቦ የነበረ ሌላ ላርክ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። የሶማሌላንዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠፋ ወፍ ሆኖ ሲፈለግ የኖረ ነው። ግኝቱ በጎ ዜና ይመስላል፤ በከፊል ነውም። ያም ሆኖ የዝርያው ዕጣ የተንጠለጠለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በተራራቁ ሁለት የሣር ሜዳዎች ላይ ነው። በሁለቱም ከብት፣ እርሻና ሰፈራ ይገፉታል።

ሣሩ ለምን ጠፋ? «ከብት በዛ» የሚለው መልስ አጭር ስለሆነ ይወደዳል። ነገሩ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነው። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ዱሮ ከብቱን በየወቅቱ ያንቀሳቅስ ነበር። ሣሩን ደግሞ በልኩ ያቃጥል ነበር። እሳቱ የግራርና የእሾህ ችግኝ እንዳይበረታ ያደርጋል፤ ዝናብ ሲመጣ አዲስ ሣር ይበቅላል። በደርግ ዘመን ማቃጠል ተከለከለ። ክልከላው ተፈጥሮን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ቁጥቋጦው ግን የሚገታው ጠፋና ሜዳውን ወረረ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ አንድ ቦታ እየረጋ፣ ሜዳው ከዳር እየታረሰ ሄደ። የቀረችው ሣር ላይ የቀረው ከብት ሁሉ አረፈባት። ሣሩ ሲሳሳ የሚቃጠል ነገር እንኳ አይኖርም። ያን ጊዜ ቁጥቋጦው ይበልጥ ይሰፋል። ሰንሰለቱ ራሱን ይመግባል ማለት ነው።

ላርኩ የሚፈልገው በመጠኑ ያደገ ሣር ነው። እስከ ሥሩ የተጋጠ መሬት ላይ ጎጆውን የሚሸፍንበት አያገኝም። ቁጥቋጦ የበዛበትንም የታረሰውንም ይሸሻል። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ የወፉ ፍላጎት ከከብቱ ፍላጎት ጋር መግጠሙ ነው። የቦረና ሰው «ካሎ» የሚለው አሠራር አለው። በአጥር የተከለለ ግጦሽ ነው። ሣሩ ለበጋ፣ በተለይም ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ይጠበቃል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከውጭ አጋሮቹና ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር ሆኖ ሜዳው ላይ ካሎዎች እንዲከለሉና ቁጥቋጦ እንዲመነጠር አድርጓል። በተከለለው ውስጥ ሣሩ ተመለሰ፤ ላርኩም እዚያ ታየ። ወፏን ለማዳን የተገኘው መንገድ ከአርብቶ አደሩ ልማድ የወጣ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በርጋ፦ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የበርጋ ጨፌ ይገኛል። የበርጋ ወንዝ የአዋሽ ገባር ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ያቁርና ቄጠማው ይፋፋል። በዓል ሲመጣ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የእንዲህ ዓይነቱ መሬት ተክል ነው። እዚያ ውስጥ 30 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከዶሮ እንቁላል የምትቀል ወፍ ትራባለች። የውጭ ስሟ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ነው። «ፍላፍቴይል» ጭራዋ የተንጨባረረ መሆኑን የሚገልጽ ስም ነው። ነጩ ክንፍ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው፤ መብረር ደግሞ አትወድም። ቄጠማ ውስጥ እየተሹለከለከች ስለምትኖር ሜዳው ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ላያያት ይችላል።

በርጋ ላይ መራባቷ የታወቀው በ1997 ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በደንብ የምትታወቀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ርቀቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሁለቱ አገር ወፎች አንድ ሕዝብ ናቸው ወይስ ሁለት? ይህ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ2016 የወጣ የዘር ጥናት በመካከላቸው የሚለያይ ነገር አላገኘም። በጋንና ክረምትን እየተከተለች በሁለቱ አገሮች መካከል ትመላለሳለች የሚለው ግምት በዚህ ተጠናከረ። በ2018 ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ የተጠመዱ ካሜራዎች ጫጩቶችን ቀረጹ። እዚያም ትራባለች ማለት ነው። ክርክሩ አልተዘጋም። ያልተለወጠው ነገር የቁጥሯ ማነስ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

የመራቢያዋ ነገር ሲታይ ቁጥሯ ለምን እንዲህ እንዳነሰ ይገባል። ለጎጆዋ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማና ቀጭን ውሃ ትፈልጋለች። ውሃው ቢጠልቅ ጎጆው ይሰምጣል። ቢደርቅ ቄጠማው ይሳሳል፤ አዳኝም ይገባል። ሁሉም የሚገጥመው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከብት ቢሰማራ ቄጠማው ይጋጣል፣ ጎጆውም ይረገጣል። ጥቅምት ላይ ድርቆሽ ሲታጨድ ግን ጫጩቶቹ ወጥተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ከብት ይግባ አይግባ የሚል ሳይሆን መቼ ይግባ የሚል ነው። የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ጨፌውን ለመጠበቅ የሞከሩትም በዚህ መንገድ ነው። ለድካማቸው ካገኙት ነገር አንዱ ትምህርት ቤት ነው። በሐሳብ ደረጃ ቀላል ይመስላል። ሐምሌ ላይ መኖ ለጨረሰ ገበሬ «ሁለት ወር ታገስ» ማለት ግን ከባድ ነው።

ከበርጋ ሌላ ወፏ ስትታይ የነበረው በሱሉልታ ሜዳ ነው። ሱሉልታ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሜዳው በቤትና በፋብሪካ እየተያዘ ነው። ጨፌ ባይገነባበት እንኳ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ከተተከለና ቦይ ከተቆፈረበት በጥቂት ዓመት ይደርቃል። በካርታ ላይ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ያረጀ ዛፍና ወጣት ዛፍ

ስለ ደን ወፎችስ? እዚህ ላይ ዛፍ ተካዩ ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ብዙ የደን ወፎች የሚፈልጉት ዕድሜ ነው።

ባለ ትልቅ ምንቃሩ ሆርንቢል ጥሩ ምሳሌ ነው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። የምትተወው ቀጭን ስንጥቅ ነው። ወንዱ በዚያች ስንጥቅ ለሳምንታት ይመግባታል። ሆርንቢል እንደ ግንደ ቆርቁር ራሱ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ የተዘጋጀ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ደግሞ ቅርንጫፉ ተሰብሮ፣ ውስጡ በስብሶ በብዙ አሥርት ዓመታት የሚፈጠር ነው። ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራ ወይም ወርካ እስኪያረጅ መጠበቅ ግድ ነው። በየሰባት ዓመቱ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ይህን መቼም አይሰጥም። በደጋ ደኖች የሚኖረው ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀንም ችግሩ ያው ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረን እርኩም ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ገላጣ ሜዳ ላይ በእግሩ እየሄደ ነፍሳትና እንሽላሊት ይለቅማል። ለመራባት ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ዛፍ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሜዳው በሙሉ ደን ቢሆን ምግብ ያጣል፤ ያረጀው ዛፍ ቢቆረጥ ዘር አይተካም። «ዛፍ ይሻላል ወይስ ሣር?» ለሚለው ጥያቄ እርኩም መልሱ «ሁለቱም፣ በየቦታቸው» ነው።

የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ የተባለው ወፍ ታሪክም እዚህ ይነሳል። ጣሊያናዊው ተጓዥ ዩጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ወፎች ሲሰበስብ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል አንድ የማይታወቅ አረንጓዴ ወፍ ተገኘ። የት እንደያዘው የጻፈው ነገር አልነበረም። ወፉ እንደገና እስኪገኝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። ዛሬ በነጌሌና በአሬሮ አካባቢ ባሉ ደኖችና የወንዝ ዳር የሾላ ዛፎች ላይ እንደሚኖር ይታወቃል። ልብ በሉ፣ ከሊበን ሜዳ ብዙም አይርቅም። አንድ ወረዳ ውስጥ አንዱ ወፍ ዛፍ ካልተቆረጠ፣ ሌላው ቁጥቋጦ ካልተመነጠረ አይተርፍም። አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁለቱ ሊሠራ አይችልም።

በሰሜኑ ያረጀ ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን በሺህ ይቆጠራል። ዙሪያቸውን በድንጋይ የታጠሩት ውስጥ ከብት ስለማይገባ የወደቀው ዘር ራሱ ይበቅላል። ማንም ችግኝ አልተከለም።

ሦስት ወገኖች፣ ሦስት እውነቶች

የመጀመሪያው ወገን «አገሪቱ ደኗን አጥታለች፣ ከመትከል ሌላ ምን አማራጭ አለ?» ይላል። በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። የተሸረሸረ ተራራ ላይ አገር በቀል ዛፍ ሲተከል የሚቃወም የወፍ ባለሙያ አይገኝም። ክርክሩ ያለው ሣር ሜዳ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በአንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ ዓለም ምን ያህል ተጨማሪ ዛፍ መያዝ እንደምትችል የሚያሰላ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ወዲያው ተቃወሙት። ከቅሬታዎቻቸው አንዱ፣ ድሮም ሣር ሜዳ የነበሩ ቦታዎች ደናቸውን እንዳጡ መሬቶች ተቆጥረዋል የሚል ነበር። ሣር ሜዳ ካርቦን አይዝም ማለትም ስህተት ነው። የሚይዘው ከመሬት በታች፣ በሥሩና በአፈሩ ውስጥ ነው። ዓይን ስለማያየው ይረሳል እንጂ።

ሁለተኛው ወገን «ሰው ተርቦ ስለ ወፍ ታወራላችሁ?» ይላል። ይህን ጥያቄ በንቀት ማለፍ አይገባም። ቦረና በ2020ዎቹ መጀመሪያ በተከታታይ ድርቅ እጅግ ብዙ ከብት አልቆበታል። ያም ሆኖ በሊበንና በበርጋ እንዳየነው የሰውና የወፍ ጥቅም ሁልጊዜ አይጋጭም። ሣሩ ካለ ሁለቱም አሉ። የእውነት የሚጋጩበት ቦታ ግን አለ፤ መደበቅም አያስፈልግም። ሱሉልታ ላይ ቤት ፈላጊ አለ። ፎገራ ላይ ሩዝ አለ። ሩዙ የብዙ ሺህ ገበሬ ኑሮ ቀይሯል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ረግረጉን እያጠበበ ነው። በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው፣ ክሬን የሚባለው ረጅም ወፍ የሚፈለፍለው በዚያ ረግረግ ውስጥ ነው። በበጋ ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ግን ከእርሻ ማሳ እህል ስለሚለቅሙ እርሻው ያን ያህል አይጎዳቸውም። ገበሬው ነው የሚያማርረው። እርሻ አንዱን ወፍ ሲገፋ ሌላውን ይጋብዛል።

ሦስተኛው ወገን «ቦታዎቹ ታጥረው ሰው እንዳይገባ ይደረግ» ይላል። ይህኛው በሊበን አይሠራም። ከብትም ሰውም የሌለበት የሊበን ሜዳ ቶሎ ቁጥቋጦ ይሆናል። ሜዳው ሜዳ ሆኖ የቆየው ሰዎች ለዘመናት ስለተጠቀሙበት ነው።

ቀጥሎ ምን ሊሆን ይችላል?

የቅርቡን ለመገመት አይከብድም። በ1996 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገሪቱ 69 ቦታዎችን ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ብሎ ለይቶ ነበር። ብዙዎቹ የሕግ ከለላ የላቸውም። መለየታቸው ስም ነው እንጂ አጥር አይደለም። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲወጣ «ሣር ሜዳ» እና «ጨፌ» የራሳቸው ምድብ ካልተሰጣቸው ወይ ለተከላ፣ ወይ ለእርሻ፣ ወይ ለግንባታ መመደባቸው አይቀርም። ቁሳዊ ወጪ የሌለው አንዱ ለውጥ ይኸው ነው፤ ችግኝ የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ «ቀድሞ ደን ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ።

ጨፌ ሲጠፋ ከወፏ በፊት የሚጎዳው ከታች ያለው ሰው ነው። ጨፌ የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ሲጠነፈፍ ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ የደረቀ ምንጭ ይተርፋል። ድርቆሹም አብሮ ይሄዳል።

የፍላፍቴይሏን ዕጣ በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ተመላላሽ ከሆነች በርጋ ላይ የሚበላሸው ነገር ሚድልፑንት ላይ ይቆጠራል፤ የሁለቱ አገር ጥረት አንዱ ያለሌላው ዋጋ የለውም። ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ከሆኑ ደግሞ የኢትዮጵያው ቁጥር ከተገመተውም ያነሰ ነው። በሁለቱም መንገድ የበርጋ ገበሬ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለከብቱ የሚሰጠው ሌላ መኖ ማግኘት አለበት።

የሊበን ላርክ ዕጣ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የሚታይ ነው። ካሎዎቹ የሚፈተኑት ዝናብ በቀረ ዓመት ነው። የተጠበቀው ሣር መቼ ይከፈት፣ ለማን ይከፈት፣ ስንት ይቅር የሚለውን የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ላርኩ የሚቀመጠው በተረፈው ላይ ነው።